በዶ የተማሩ ጣቶች

"አቁሚ፣ አቁሚ።"

ልጅቷ አላቆመችም። ቫዮሊኑ በቀኝ ጆሮዋ በኩል ወደ ላይ ሲወጣ የእሷ ፒያኖ ከሥሩ ሌላ መንገድ ይዞ ይነጉዳል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሰሙ የተኳረፉ ባልና ሚስት በአንድ ጠባብ በር እኩል ለመግባት የሚጋፉ ይመስላሉ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ግን ለአፍታም አልተጠራጠረችም። ይህን ሙዚቃ ሰባት ሳምንት ሙሉ አብራው በልታለች፣ አብራው ተኝታለች። ጣቶቿ የቤቷን ደረጃ ከሚያውቁት በላይ ያውቁታል።

"የምታቆመው አንተ ነህ" አለችው እጇን ሳታነሳ። "ደግሞ ቫዮሊን ሳይቃኙ ለልምምድ መምጣት ምን የሚሉት ነገር ነው?"

"እኔ ነኝ ያልቃኘሁት?" ቫዮሊኑን ከአገጩ ሥር ሲያወጣው የሸሚዙ ኮሌታ ኮሽ አለ። "ጠዋት ቃኝቻለሁ፣ በር ላይ ቃኝቻለሁ፣ አሁን ስገባም ቃኝቻለሁ። ምስክር ልጥራ?"

ተማሪው ሁሉ ይህን ልጅ "ጠበቃው" ይለዋል። ምሳ ሰልፍ ላይ ሰው ቢቀድመው እንኳ ዝም ብሎ አይቆጣም፣ ክስ ያሰማል። ልጅቷና እሱ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አብረው ሊፈተኑ ነው። አብረው ሲጫወቱ ግን ይህ የመጀመሪያቸው ነው፤ የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ሲጠገን ክፍሎቹ ሁሉ ሰባት ሳምንት ተዘግተው ስለነበር ሁለቱም በየቤታቸው ነው የተለማመዱት።

"ከመጀመሪያው" አለች።

ጀመሩ። አንድ መስመር እንኳ አልሄዱም።

"አንቺ ከዶ ነው የተነሳሽው" አለ ጠበቃው፣ አሁን ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"አዎ፣ ከዶ።"

"ሙዚቃው መነሻው ሬ ነው።"

"ማን አለ?"

"ወረቀቱ። አፍንጫዬ ሥር ተዘርግቷል። የምዋሽሽ ከመሰለሽ የምታምኚውን ሰው ጥሪና ያንብብልሽ።"

ስልኳን ከቦርሳዋ አውጥታ በድምፅ የተላከላትን የመጀመሪያውን የትምህርት ቅጂ ከፈተች። የፒያኖ መምህሯ የተሰነጠቀ ድምፅ ወጣ፤ "እሺ ልጄ፣ መነሻችን ሬ ነው። ቀኝ እጅ ብቻ፣ ቀስ እያልኩ።" ቀጥሎ ፒያኖው። በአንድ ጣቷ ከፊቷ ያለው ፒያኖ ላይ የመጀመሪያውን ድምፅ ፈለገችው። ዶን ነካች፤ አልገጠመም። ሬን ነካች።

ገጠመ።

"ስንት ሰዓት ነው?" አለች።

"ሦስት ከሩብ።"

ልጅቷ ይህን "ሬ ነው" የሚል ቃል ዛሬ አይደለም የሰማችው። ከሰባት ሳምንት በፊት፣ በመጀመሪያው ቀን ሰምታዋለች። ያን ቀን ቤት ባለው ኪቦርድ ላይ ድምፁን ፈልጋ ዶ ላይ ስታገኘው ፈገግ ነበር ያለችው። መምህሩ አርጅተዋል፣ ምላሳቸው ስቶ ነው ብላ ደመደመች። ደውላ መጠየቅ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። እሷ ግን ጠይቃ አታውቅም። የምትጠይቅ ከሆነማ ገና የመመዝገቢያው መስኮት ላይ "ለአንቺ የሚሆን በብሬል የተጻፈ ሙዚቃ የለንም፣ እንዴት ልትማሪ ነው?" ያሏትን ሰዎች መልሱን ትጠይቃቸው ነበር። ያኔ "በጆሮዬ" ብላቸው ነው የገባችው፤ እነሱም ለአንድ ዓመት ሙከራ ብለው ተቀበሏት። ዓመቱ ዛሬ ያበቃል።

ደግሞ የሚያሳብድ ነገር ነበረው። በየሳምንቱ የተለማመደችውን ቀድታ ለመምህሯ ትልክ ነበር፤ እሳቸውም "እንከን አይወጣለትም" እያሉ ይመልሱላታል። ድምፁ ትክክል ካልነበረ ምን ሰምተው ነው ያመሰገኗት?

እናቷ ጋ ደወለች። እናቷ የሆስፒታል አንሶላ የምትተኩስ ሴት ናት። ዛሬ ግን ለልጇ ፈተና ብላ ፈቃድ ወስዳ ቤት ነበረች።

"ኪቦርዱን አብሪው" አለቻት።

"ምን ሆነሻል? ድምፅሽ..."

"እማ፣ አብሪው ብቻ። ትንሿ መስኮት ላይ ምን ተጽፏል?"

ከወዲያ በኩል ወንበር ተገፋ፣ ቁልፍ ጠቅ አለ። "ሁለት ቁጥር አለች። ከፊቷ የመደመር ምልክት አላት።"

ጠበቃው አጠገቧ ቆሞ ሰምቷል። "ትራንስፖዝ" አለ ቀስ ብሎ። ድምፁን ወደ ላይ የሚገፋ መጫኛ ነው። ሁለት ላይ ከሆነ ዶን የነካ ሰው ሬን ይሰማል። ጣት ሌላ ቦታ፣ ድምፅ ሌላ ቦታ። መምህሩ የሰሙት ትክክለኛውን ሬ ነበር፣ ጣቶቿ ሲማሩ የከረሙት ግን ዶን።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ያለችው?"

"እኔንጃ፣ ቆይታለች። እንግዲህ አቧራውን ስወለውል ነክቼ ይሆናል። የዘፈኑ ቁጥር መስላኝ..."

"እያየሻት?"

"እያየኋት። ምን እንደሆነች በምን አውቄ?"

ያኔ ነው ልጅቷ የተናገረችው። ጮክ ብላ እንኳ አልነበረም፤ "ዓይንሽ ምን ይሠራልሻል ታዲያ?" አለቻት።

"እሺ የኔ እናት" አለችና ስልኩ ተዘጋ።

ጠበቃው፣ ለሁሉም ነገር ክርክር የማያጣው ልጅ፣ የቫዮሊኑን ሳጥን ለመዝጋት አራት ጊዜ ያህል ታገለ።

መምህሩ ሌላ ተማሪ ፈትነው በወጡበት መሀል ኮሪደር ላይ አገኘቻቸው። ነገሩን ሲሰሙ ዱላቸውን ወለሉ ላይ አንድ ጊዜ አንኳኩ።

"ነግሬሽ ነበር እኮ።"

"ሰምቻለሁ ጋሼ።"

"ታዲያ?"

"የተሳሳቱ መስሎኝ ነው።"

ሳቅ የሚመስል ነገር ከአፍንጫቸው ወጣ። "ሠላሳ አንድ ዓመት ሳስተምር ተማሪ አርሞኝ ሳልሰማ ያለፍኩት ዛሬ ገና ነው።"

"ቀን ይቀየርልኝ በሏቸው።"

"ያንቺ ፋይል ዛሬ ይዘጋል ልጄ። ካልተጫወትሽ 'አልቻለችም' ብለው ነው የሚዘጉት። የፈታኞቹ ሰብሳቢ ደግሞ ከጅምሩም..." አልጨረሱትም። "ስሚኝ፣ አምስት ሰዓት ተኩል አለሽ። አራቱን ገጽ በሁለት እጅ ወደ ሬ አዞራለሁ ብለሽ አትሙቺ። ግራሽን ያዢ። ግራ እጅሽ ካለ ቫዮሊኑ መሬት አለው። ቀኝሽ የደረሰበት ይድረስ።"

"በግራ ብቻ ተጫውቼ ያሳልፉኛል?"

"አላውቅም" አሉ። መምህሩ ከሚያውቋቸው ነገሮች ሁሉ ዛሬ ይህን አለማወቃቸው አስጠላት።

አራት ቁጥር ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች።

በዶ ሲሄዱ መንገዱ ሜዳ ነው። ጣት ዝቅ ባሉት ቁልፎች ላይ ብቻ እየተንሸራተተ ይሄዳል፣ የሚያደናቅፈው ነገር የለም። እንዲያውም ይህን ሙዚቃ የደረሰው ሰው ለእንደኔ ዓይነቱ አዝኖ ሳይሆን አይቀርም እያለች ለራሷ ስትቀልድ ነበር የከረመችው። በሬ ሲሄዱ ግን ሁለት ቦታ እንደ በር ደፍ ከፍ ያለ ቁልፍ አለ፤ ጣት ካልተነሳ ድምፁ ይበላሻል። ይህን በአእምሮዋ ለማወቅ አንድ ደቂቃ አልፈጀባትም። ጣቶቿ ግን አእምሮዋን የሚሰሙበት ጆሮ የላቸውም። ግራ እጇን ሬ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ሦስት እርምጃ ሄዶ፣ የድሮ ቤቱን እንደሚፈልግ ድመት፣ ሹልክ ብሎ ወደ ዶ ይመለሳል። ትመልሰዋለች። ይሸሻል። ትመልሰዋለች።

አምስት ሰዓት ሲሆን የመጀመሪያው ገጽ ግራው ቆመ። አምስት ተኩል ሲሆን ቀኙን ጨመረችበት፣ ግራውም አብሮ ፈረሰ። አንዴ በመዳፏ የቁልፎቹን ግማሽ በአንድ ላይ መታቻቸው፤ በጎን ካለው ክፍል የሚለማመድ ሰው ድንገት ዝም አለ፣ ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ ቀጠለ። እንዲህ የሚያዝን ሰው ያበሳጫታል። እንባዋን በክንዷ ጠርጋ ከመጀመሪያው ጀመረች።

ስድስት ሰዓት ገደማ ደረጃው ላይ የሚያለከልክ ትንፋሽ ሰማች። እናቷን በኮቴዋ ሳይሆን በትንፋሿ ነው የለየቻት። በሩ በጉልበት ተገፋ፣ አንድ ረጅምና ከባድ ነገር ግድግዳው ላይ ተደገፈ። የታጠበ አንሶላ ሸተተ።

"እንዳለ ነው ያመጣሁት" አለች እናቷ። "ምንም አልነካሁም። ሁለት ቁጥሯም እንዳለች ናት። እንደለመድሽው በዚህ ብትጫወቺ ድምፁ ልክ ይመጣል አይደል?"

ልጅቷ ከወንበሯ ተነሳች። ሙዚቃ የማታውቅ ሴት፣ አንሶላ ስትተኩስ የኖረች ሴት፣ በአውቶቡስ ውስጥ ቆማ ነገሩን እስከ መጨረሻው አስባዋለች። ልክ ነው። ድምፁ ልክ ይመጣል።

ሁለቱ ኪቦርዱን ይዘው የፈተናው ክፍል ድረስ ሄዱ። ሰብሳቢዋ ለምሳ ስትወጣ በር ላይ ያዟት።

"እናት፣ ፈተናው የፒያኖ ነው" አለች ሰብሳቢዋ።

"ይኼስ ያው አይደል? ቁልፉ እንደሆነ አንድ ነው።"

"አንድ አይደለም። የፒያኖ ቁልፍ ክብደት አለው፣ የዚህ የለውም።"

"ክብደቱንስ ለእኔ ይተዉልኝ፣ ሦስት ፎቅ ተሸክሜዋለሁ።"

ሰብሳቢዋ አልሳቀችም። ክፉ ሴትም አልነበረችም፤ ክፉ ብትሆን ልጅቷ መልስ ታገኝላት ነበር። "እኔ የሌለ ሕግ ላወጣ አልችልም። ለአንድ ተማሪ ብዬ ዛሬ በዚህ ካሳለፍኳት ለከርሞ 'ልዩ ነገር ተደርጎላት ነው' ይሏታል፤ ለእሷም አይበጃት። ዘጠኝ ሰዓት እንገናኝ።" ተረከዟ ጠቅ ጠቅ እያለ ራቀ።

አራት ቁጥር ክፍል ተመለሱ። እናቷ ኪቦርዱን እንደ ሕፃን ቀስ አድርጋ አስተኛችው። የጠዋቱን ነገር አላነሳችም። ልጅቷም አላነሳችም። ለይቅርታ የሚሆን ቃል አንደበቷ ላይ ሲመጣ ሁሌም የሆነ ቦታ ይቀረቀራል።

"እኛ ጋ" አለች እናቷ፣ "የሕፃናት ክፍል አንሶላ ስናጥፍ እንከርምና ድንገት ወደ ትልልቆቹ ያዛውሩናል። እጅ በቃ ለምዷል፤ ትልቁን አንሶላ በትንሹ ልክ ያጥፈዋል። ስንሳሳት ነው የምንውለው።"

"እስከ መቼ?"

"እስከ ሳምንት።"

ልጅቷ ጣቶቿን ከቁልፎቹ ላይ አነሳች።

"ፈጠን የሚሉም ነበሩ" አለች እናቷ ቶሎ ብላ።

ልጅቷ ሳታስበው ሳቀች። ሳቁ መሀል ላይ ተገለበጠና ሌላ ነገር ሆነ። እናቷ ልትይዛት እጇን ሰደደች፤ ትከሻዋ አጠገብ ሲደርስ ቆመ። ልጅቷ ገና ሊነኳት ሲሉ አትንኩኝ እያለች ነው ያደገችው። ኪቦርዱንም እንዲሁ ነበር ያለችው፤ "አትንኪብኝ፣ ስለሱም አትጠይቂኝ።" ታዲያ እናቷ ስለዚያች ቁጥር ማንን ትጠይቅ ኖሯል?

"አልነገርኩሽማ" አለች ልጅቷ ፊቷን ወደ ፒያኖው እንዳዞረች። "ቁጥሯን። ምን እንደሆነች መቼ ነግሬሽ አውቃለሁ።"

"ተይው አሁን።"

"ተቀመጪ እዚህ። ሰዓቱን በየሩብ ሰዓቱ ንገሪኝ። ሌላ ምንም አትበይኝ።"

"ምንም አልልም።"

ሰባት ከሩብ፤ ሁለተኛው ገጽ በግራ ቆመ። ሰባት ተኩል፤ ከመጀመሪያው ገጽ ጋር ስታያይዘው ተናደ። ሰባት ከአርባ አምስት። ስምንት። እናቷ ሰዓቱን የምትናገረው እንደ ሕመምተኛ ዜና በሹክሹክታ ነበር። ሦስተኛው ገጽ ላይ ግራ እጇ ሁለቱን ከፍታዎች እየረገጠ መሄድ ጀመረ፤ ቀኙ ግን እንደነካችው ወደ ሜዳው ይሸሻል። አራተኛውን ገጽ በግራ አንድ ጊዜ ብቻ ዘለቀችው፤ መጨረሻው ላይ ስምንት ምት ጎደላት። ደግማ ሞከረች፣ ያው ቦታ ላይ ገደል ነው።

"ሁለት ሩብ ቀረሽ" አለች እናቷ።

በሩ ተንኳኳ። ጠበቃው ነበር። "ተረኞች ነን፤ ኮሪደሩ ላይ ጠብቁ ተብለናል" አለ።

እናቷ ኪቦርዱን ልትጠብቅ ቀረች። ሁለቱ በኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከውስጥ የሌላ ሰው ዋሽንት ይሰማል።

"የት ደረስሽ?" አላት።

"ግራው አለ። የመጨረሻው ስምንት ምት የለም። ቀኙ የመጀመሪያው ገጽ ላይ አለ፣ ከዚያ ወዲያ እንዳመሉ ነው።"

ጠበቃው ወደ ጆሮዋ ተጠጋ። "ሽንት ቤት ገብቼ አንድ ነገር ሞከርኩ።"

"ሽንት ቤትህን ለምን ለእኔ ትነግረኛለህ?"

"ስሚኝ እንጂ። አራቱንም አውታር አንድ ደረጃ አወረድኳቸው። የእኔ ጣት እንደለመደው ይሄዳል፣ የሚወጣው ድምፅ ግን ካንቺ ዶ ጋር ይገጥማል።"

"ድምፁስ?"

"ጉንፋን የያዘው ሰው ይመስላል። ግን ይገጥማል።"

"አያውቁም?"

"ያውቃሉ እንጂ፣ ጆሮ አላቸው። ግን የፈተናውን ደንብ አንብቤዋለሁ። ቫዮሊን ዝቅ ተደርጎ አይቃኝም የሚል አንቀጽ የለም።" ይህን ሲል የለመደው ኩራቱ ድምፁ ላይ ትንሽ ተመለሰ። "አሁን መልሼ በልኩ ቃኝቼዋለሁ። ስንገባ እንደ ደንቡ ለመቃኛ ላን ትሰጪኛለሽ። በዶሽ መጫወት ከፈለግሽ ላን ተዪና ሶልን ንኪልኝ። እኔ አውታሬን ወደዚያ አወርዳለሁ። ሌላ ምንም መናገር አያስፈልግሽም።"

"ከቫዮሊኖቹ ሁለት ሰው ለትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ቡድን የሚመርጡት ዛሬ አይደል?"

"ዛሬ ነው።"

"በጉንፋን ድምፅ ማን ይመርጥሃል?"

"የኔን ነገር ለኔ ተዪው። አራት ገጽ ብቻዬን ስጫወት ደግሞ ከዚያ የባሰ እመስላለሁ።"

"ለምን ነው?" አለችው። የምሯን ነበር የጠየቀችው።

"ጠበቃ አይደለሁ?" አለ። ዋሽንቱ ቆመ። በሩ ተከፈተና ስማቸው ተጠራ።

ከበሩ እስከ ፒያኖው አሥራ አንድ እርምጃ ነበር። ክንዱን ሲሰጣት ያዘችው፤ ሌላ ቀን ቢሆን "መንገዱን አውቀዋለሁ" ትለው ነበር። ወንበሩን አስተካከለች። ከፊት ለፊት ወረቀት ሲገለጥ፣ ብዕር ሲቀመጥ፣ አንድ ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማች። ጉሮሮው የመምህሯ ነበር።

"ዝግጁ ስትሆኑ" አለች ሰብሳቢዋ።

ልጅቷ ቀኝ እጇን ቁልፎቹ ላይ አሳረፈች። በዶ ብትጫወት አራቱም ገጽ ከነነፍሱ አለ፤ ተኝታም አትስተውም። በሬ ያላት አንድ ሙሉ ገጽ፣ ሁለት ግማሽ ገጽና ከጫፉ የተቆረጠ አንድ ገጽ ነው። በዚህ ደግሞ ማንም ያሳልፋታል ብሎ የነገራት የለም። ዓመቱ፣ ሦስት ፎቅ የተሸከመችው ሴት፣ "በጆሮዬ" ብላ የገባችበት መስኮት፣ ሁሉም ሶል ላይ ነው ያሉት። ጣቷ ሶል ላይ ነበር። ላ ከእሱ ጎን ናት፤ በመሀላቸው ያለችው አንዲት ከፍ ያለች ቁልፍ ብቻ ናት።

ከጎኗ ጠበቃው ይጠብቃል። እሱም ይህን ሙዚቃ ሰባት ሳምንት ተለማምዶታል። የእሱም ሰባት ሳምንት ያው ሰባት ሳምንት ነው።

ላን ነካች።

ቫዮሊኑ አልመለሰም። "ሶል" አለ ጠበቃው ከንፈሩን እምብዛም ሳይከፍት። "ሶል ስጪኝ።"

ልጅቷ ላን ደግማ ነካችው፣ አሁን ጠንከር አድርጋ፣ እሱ አውታሮቹን አንድ በአንድ ቃኝቶ እስኪጨርስ ድረስም ጣቷን አላነሳችም።